የሐ እቁብ

በዚያ ዘመን ሁለት ባለቤት ነበረኝ። አንዱ ያገባሁት ሰው ነው፤ አዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ የተኛው። ሁለተኛውን የሰጠኝ መንግሥት ነው። መሥሪያ ቤታችን «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» በሚሉት ነገር ከላይ እስከ ታች ሲገለበጥ «ክፍል» ቀረና «የሥራ ሂደት» ተባለ፤ «የክፍል ኃላፊ» ቀረና «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። እኔ ያው ግዥ ሠራተኛዋ ነኝ። ወንበር፣ ጎማ፣ የመኪና ባትሪ፣ የፕሪንተር ቀለም እገዛለሁ። ገበያ ስወርድ የአባቴ ወዳጆች የነበሩት ነጋዴዎች «ባለቤትሽ እንዴት ሆኑ?» ይሉኛል። «የትኛው? የቤቱ ወይስ የሂደቱ?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የሂደቱን ባለቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ፤ አንቱታውንም እስከቻልኩ ድረስ እዘልቅበታለሁ። ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ቢሮ ሲገቡ እያንዳንዳችንን ጨብጠው «ተባረኩ» ሳይሉ አይቀመጡም። ሰው ላይ ሲጮኹ የሰማ የለም። ባለቤቴን ስትሮክ የመታው ቀን እኔ በባጃጅ ወደ ቤት ስበር፣ የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ አስነስተው ተከተሉኝና ከሾፌሩ ጋር ተሸክመው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ ኮታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚመጣውን ስታነቡ ሰውየውን ክፉ እንዳትሏቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ እኮ እገላገል ነበር! ክፉ አለቃን ሰው ይጠነቀቀዋል፤ ኮቱን ያለበሰሽን ሰው ግን ምን ብለሽ ትጠነቀቂዋለሽ?

ባለቤቴ አስተማሪ ነበር። ሲናገር ቢውል የማይደክመው ሰው፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ ከቃላት ሁሉ የቀረችለትም «እሺ» ብቻ ናት። ሲርበው እሺ፣ ሲያመው እሺ፣ ሲናደድም ዓይኑን አፍጦ «እሺ!» ነው። «አሁን ለኛ ቢሮ የሚሆን ሰው ወጣህ» እለው ነበር፤ በግራ ከንፈሩ ብቻ ይስቃል። ትልቁ ችግር ምግብ ነው። ጉሮሮው በደንብ ስለማይሠራ ትራስ ደግፈሽ፣ ቀና አድርገሽ፣ በትንሽ ማንኪያ ሰጥተሽ፣ እስኪውጥ ጠብቀሽ፣ አፉን አይተሽ ነው ሌላ የምትደግሚው። ሐኪሙ «ከተቸኮለ ምግቡ ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ እንጃ» ብሎኛል። ሠራተኛ ብቀጥርም ለዚህ ትዕግሥት የላትም፤ አንዷ ስትለምድ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። ስለዚህ ጠዋትም እኔ፣ ማታም እኔ፣ በምሳ ሰዓትም ከቢሮ እየከነፍኩ እኔ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ባጃጅ አይጠፋም፣ የምሳ ሰዓቱ ይበቃኛል። ከአዋሳ ውጪ መመደብ ግን ለእኔ ሰውየውን መግደል ማለት ነበር። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ አንድ ለአምስት የሚባለው መጣ። አንድ መሪ፣ አምስት ተመሪ፣ በየሳምንቱ መገማገም። መሪያችን ጋሼ፤ አምስቱ ደግሞ እኔ፣ አንዲት ዕቃ ግምጃ ቤት የምትሠራ ወጣትና ሦስት ወንዶች። በዙሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ሰው ሀ፣ ለ ወይም ሐ ይባላል። ሀ ግንባር ቀደም፣ ለ መካከለኛ፣ ሐ ዝቅተኛ። ውጤቱ በስም በስማችን በሩ አጠገብ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ባለጉዳይ ሳይቀር ቆሞ ያነበዋል። በመጀመሪያው ዙር ሁላችንንም ሀ ብለን ላክን። ምን እናድርግ ታዲያ? አብረን እንበላለን፣ አብረን ለቅሶ እንደርሳለን፣ ማን ማንን ነው ዝቅተኛ የሚለው? በማግስቱ ምክትል ቢሮ ኃላፊው ወረቀቱን ይዘው ከች አሉ። ወጣት ናቸው፣ ሱፋቸው አዲስ ነው፣ ሲናገሩ ጠረጴዛውን በብዕር ይመታሉ። «አምስት ሰው ተቀምጦ አምስቱም ግንባር ቀደም? ይኼ አድርባይነት ነው! ሐ የሌለበት ቡድን ራሱ ሐ ነው!» አሉና ወረቀቱን ጥለውልን ወጡ።

ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። በማግስቱ በሩን ዘግተው ሰበሰቡንና «ከእናንተ መካከል አንዱን ዝቅተኛ ብዬ መጻፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም» አሉ። «ስለዚህ በተራ እናድርገው። በዚህ ዙር አንዱ ሐ ይሁን፣ በሚቀጥለው ዙር ሌላው። ሁሉም ይቀምሰዋል፣ ማንም አይጎዳም።» እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን እቁብ ሲጣል እያየሁ ነው ያደግኩት። «እንዴ! ይኼማ እቁብ ነው» አልኩ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። አሳቡ የእሳቸው፣ ስሙ የእኔ፣ የሐ እቁብ እንዲህ ተጀመረ።

ደስ የሚል ነገር ነበር፣ አልክድም። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰውየው ድክመት መጻፍ ስላለበት ለባለ ተራው ድክመት እናዋጣለታለን። አንዱ «ሰዓት አያከብርም በሉኝ፤ ብቻ መጠጥ የሚል ነገር እንዳታስገቡ፣ ሚስቴ ሰሌዳውን ታየዋለች» ብሎ ይለምነናል። ሌላው «ተነሳሽነት ይጎድለዋል» የሚለውን ሲወስድብን «እሱን እኮ ለራሴ ነበር ያሰብኩት» ብሎ የሚቆጣ አለ። ሐ የደረሰው ሰው ደግሞ ይጋበዛል። ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ወርደን ዓሣ ጥብስ እናበላዋለን፤ ጋሼ ማዕዱን ይባርካሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጥንት እስክንጥልላቸው አጠገባችን ተገትረው ይጠብቃሉ። «እነዚህም ተራ ነው የያዙት» እንላለን። ጉዱ ግን ገና ነው። ምክትል ኃላፊው ቃለ ጉባኤያችንን አነበቡና በሠራተኛው ሁሉ ፊት አመሰገኑን። «ሳይፈራሩ የሚተጋገል ቡድን ማየት ከፈለጋችሁ እነዚህን እዩ!» ሞዴል ተባልን። ከሌላ ቢሮ ሳይቀር ልምድ ሊቀስሙ መጡብን።

እንዲህ እያልን አንድ ዙር ላይ ተራው የወጣቷ ሆነ። ልጅቷ እኔን «እትዬ» ነው የምትለኝ። ምሳ ሰዓት አንዳንዴ አብራኝ ቤት እየመጣች፣ ባለቤቴን ሳበላው ትራሱን ትይዝልኝ ነበር፤ ውላ አድራ ማንኪያውንም ለመደች። ከእኔ ሌላ ሳያንቀው የበላው ከእሷ እጅ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ሠርጓ ደርሶ ነበር። አማቷ የሚሆኑት ሴትዮ ደግሞ እዚያው ግቢ ሌላ ቢሮ ይሠራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳውን ሳያነቡ የማያልፉ ሴት። ልጅቷ ግምጃ ቤት ጠርታኝ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እትዬ፣ በሠርጌ ሳምንት ስሜ ሐ ተብሎ ቢለጠፍ ምን ይሉኛል? በሞቴ፣ ተራሽን ለውጪኝ።»

እቁብ ውስጥ ይኼ ያለ ነው። ሰው ጉዳይ ሲገጥመው ተራ ይለዋወጣል፤ አባቴ ስንት ጊዜ ለሰው ለቋል። «ለዚህ ነው የምታለቅሺው? ስጪኝ ሐሽን! ዓሣ ከተጋበዝኩ ቆይቷል» አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለጋሼ ስንነግራቸው «መልካም አድርገሻል፣ ተባረኪ» አሉኝ። ስሜ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ሠርጓ ላይ እስክስታ ወረድኩ፤ ለባለቤቴም ከሠርጉ ቤት አልጫውን በትንሽ ሳህን ይዤለት ሄድኩ። «ሐ ሆኜ መጣሁ» ስለው «እሺ» አለኝ።

ሙሽራዋ ከጫጉላዋ ሳትመለስ ነው ስብሰባ የተጠራው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች የአንዱ አዳራሽ ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ፣ ውሃው በፕላስቲክ፣ ባነሩ ተሰቅሎ። ምክትል ኃላፊው አዲስ መዋቅር መጽደቁን፣ የቢሮው የሥራ መደብ መቀነሱን፣ ትርፍ የሆነው ሰው ወደ ወረዳ መውረዱን ነገሩን። ሰው መንጫጫት ጀመረ። «ማን ይቀራል፣ ማን ይወርዳል የሚለው በዘመድ አይደለም» አሉ፣ ማይኩን ቀረብ አድርገው። «የመጨረሻው ዙር ውጤት ነው የሚታየው። ሐ ያለው ይወርዳል። በቃ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ ለማን እንደማዝን እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ዱብ አለብኝ። ዞሬ ጋሼን አየሁ፤ የፕላስቲኩን ክዳን እየከፈቱ እየዘጉ ነው። ሦስቱ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተዋል። ማንም ወደ እኔ አላየም። ምደባው እስኪያልቅ ድረስ እንደኔ ያለው ሰው «ተንሳፋፊ» ይባል ነበር። ሐይቅ ያለበት ከተማ ውስጥ ተንሳፋፊ! አንዱ ቀልደኛ «ዋና ትችያለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ልመታው ትንሽ ነው የቀረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «ጋሼ፣ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤቱታ ላቀርብ ነው። ከእርስዎ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ውጤቱ በተራ እንደነበር፣ ተራውም የእኔ እንዳልነበር ይናገሩልኝ። ሌላ ምንም አልልዎትም።» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «የኔ እህት፣ የባልሽን ነገር አላውቅም ብለሽ ነው? ተሸክሜው የለ እንዴ! እውነቱን እናገራለሁ። አይዞሽ፣ እንጸልይ» አሉኝ። ጸለይን። እኔ እንደ እሳቸው አልጸልይም፤ ግን ያን ቀን ከልቤ አሜን አልኩ። ቀልሎኝ ወጣሁ። ምሳ ሰዓት ባለቤቴን «ጋሼ ይናገራሉ» ስለው በግራ ከንፈሩ ሳቀ።

ኮሚቴው የተቀመጠው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ሰሞን ነው። ወጣቱ እየዘፈነ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሲጎርፍ እኔ ሰውን እየገፋሁ በተቃራኒው ወደ ቢሮ ስሄድ ትዝ ይለኛል። ሙሽራዋ ከእረፍት ተመልሳለች፤ የጣቷ እንሶስላ ገና አልለቀቀም። ቡድናችን በሙሉ ተጠርቶ አንድ ረድፍ ወንበር ላይ ተደርድሯል። ምክትል ኃላፊው ጥግ ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። «ታዛቢ ነኝ፣ ቀጥሉ» አሉ።

ሰብሳቢው አቤቱታዬን አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «ውጤቱ በተራ የተሰጠ ነው ብለሻል። ይኼ ከባድ ነገር ነው። እውነት ከሆነ ቡድኑ በሙሉ ይጠየቃል።»

«ጋሼን ጠይቁ» አልኩ።

ጋሼ ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንደነበር አይቻለሁ፤ ለዚህም ምስክር ነኝ። ምክትል ኃላፊውን አዩ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ።

«ውጤቱ የቡድኑ ነው» አሉ።

«በተራ ነው ወይስ በሥራ?» አለ ሰብሳቢው።

«የቡድኑ የጋራ ውሳኔ ነው።»

«እንዴ ጋሼ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ዓሣውስ? በየዙሩ ዓሣ ስንበላ የነበረው ለምንድን ነው?»

«የምን ዓሣ?» አለ ሰብሳቢው። ማንም አልመለሰለትም። ልጅቷን አየኋት። እጇን ጭኗ ሥር ደብቃ እንሶስላዋን ሸፍናለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ከቡድኑ ሌላ የሚናገር አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አንዱ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ ጠረገና ዋጠው። ኮሚቴው አቤቱታዬን ማስረጃ የለውም ብሎ ዘጋው።

እንደገባኝ እንዲህ ነው። ጋሼ አልዋሹም። ውጤቱ የቡድኑ ነበር፤ ውሳኔውም የጋራ ነበር። ቃል በቃል ብትይዣቸው አንድ ውሸት አታገኚባቸውም፤ ሕሊናቸው ማታ እንዴት አድርጎ እንዳስተኛቸው ከዚህ ይገባኛል። አለቃ ሆኖ ሰውን ላለማስቀየም ተራ መፍጠር ይቻላል፤ ያ ተራ ሰውን ሲበላ ቆሞ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማንም አላሠለጠናቸውም። ያን ሁሉ ሥልጠና ገብተን፣ ያን ሁሉ ባነር ሰቅለን!

የደረሰኝ ወረዳ ከአዋሳ ሌሊት ተነሥተሽ አመሻሽ ላይ የምትደርሺበት ነው። ሥራውን ልተው ብል የባለቤቴን መድኃኒት የሚገዛ የለም፤ ይዤው ልሂድ ብል እዚያ ሐኪም የለም። ሻንጣዬን ስቋጥር ልጅቷ ቤት መጣች። በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ምሳ ሰዓት እኔ እመጣለሁ። በየቀኑ። እኔ አበላዋለሁ» አለችኝ።

«አንዲት ቃል ተናገሪ ስትባይ ዝም ብለሽ፣ አሁን ማንኪያ ልትይዢልኝ መጣሽ?» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው፤ ጎረቤት ሰምቷል። አለቀሰች፤ ግን አልሄደችም። ምን አማራጭ አለኝ? ከእሷ እጅ በቀር ከማን ይበላል? ጠዋትና ማታ ሠራተኛዋ ቀጭን ገንፎ በእርጋታ እንድትሰጠው አለማመድኳት፤ ምሳውን ለልጅቷ ሰጠኋት። የማልፈልገውን ውለታ ተቀብዬ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

ቃሏን ጠበቀች፣ ይህንም ልናገር። በደሞዝ ሰሞን ቅዳሜ ስመጣ አገጩ ንጹሕ፣ ትራሱ ታጥቦ፣ ሰውየው ትንሽ ወፍሮ ነው የማገኘው። ነፍሰ ጡር ሆና እንኳ በፀሐይ እየመጣች ታበላው ነበር። ጋሼም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎራ ይሉና ጺሙን ይላጩታል፤ ትከሻቸውን አስደግፈው በረንዳ ያወጡታል። ሦስቱ ወንዶች ጣሪያው ሲያፈስ ወጥተው ጠገኑልኝ። አቤት ደግነት! ሁሉንም አደረጉልኝ። እዚያ ኮሚቴ ፊት በአንድ ትንፋሽ የሚያልቀውን ነገር ትተው በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በላባቸው ከፈሉኝ። እኔ ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን ያልተባለው እንደተቀመጠ ነው።

ወረዳው ውስጥ ስልክ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ስትወጪ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ባልደረባ እየሮጠ መጥቶ «ከአዋሳ ደጋግመው ደውለውልሻል» አለኝ። ጉብታው ላይ ወጥቼ መልሼ ደወልኩ። ሠራተኛዋ ናት። ታለቅሳለች፤ የምትለው አይለይም። «ልጅቷ ቀረችብኝ፤ እሱም ራበው፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ አነቀው።»

በነጋታው ስደርስ ሆስፒታል ነው፤ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተሰክቶለታል። ምግቡ ሳንባው ገብቶ ነበር። «መጣሁ» አልኩት። «እሺ» አላለኝም። ጥቂት ቀን ቆይቶ አረፈ።

ልጅቷ ለምን እንደቀረች የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። ያን ቀን የቡድኑን ስብሰባ ሊያዩ ምክትል ኃላፊው መጥተው ነበር። ስብሰባው ከምሳ ሰዓት አለፈ። «እጄን አወጣሁ፣ እትዬ። ልሂድ ለማለት። ጋሼ አላዩኝም።»

«አላዩሽም?»

«ዓይን ለዓይን ተያይተናል» አለችኝ። «ከዚያ ወረቀታቸውን ማንበብ ቀጠሉ። እጄን አወረድኩት።»

ለምን ተነሥተሽ አልሄድሽም ልላት አፌ ላይ ነበር። አላልኳትም። የእሷ ሐ መቼ እንደሚሆን እኔ ምን አውቃለሁ፤ ልጅ ልትወልድ ነው። ደግሞ ለእሷ ሐ መሆን ምን እንደሚያስከትል ያስተማርናት እኛ ነን። ብቻ እጇን ያዝኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን።

የሠፈሩ እድር ድንኳኑን ደጃችን ተከለ። የቀድሞ ተማሪዎቹ መጡ፣ የገበያ ሰዎች መጡ፣ ቢሮው በሙሉ መጣ። ምክትል ኃላፊው ሳይቀሩ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። ሦስቱ ወንዶች ወንበር ያመላልሳሉ። ልጅቷ ተዪ ብላት እምቢ ብላ ውሃ ታድላለች። ጋሼ ገቡ። ያው ኮት ነው፤ ያን ቀን ሆስፒታል ያለበሱኝ። አቅፈውኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሱ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነው፣ ትከሻዬ ረጥቧል። ከዚያ አጠገቤ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ በየራሱ ወሬ ሲይዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የኔ እህት» አሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ተራሽ አልነበረም። እኔ አውቃለሁ።»

ያ ነው እንግዲህ። ኮሚቴው ፊት ለምኜ ያጣሁት ነገር፣ ባለቤቴ አፈር ከገባ በኋላ፣ በሹክሹክታ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ብድግ አልኩ፤ ነጠላዬ ወደቀ።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ! አልሰማሁም!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰውን ያስደነገጠው ጩኸቴ ብቻ አይመስለኝም፤ አንተ ማለቴ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ምክትል ኃላፊው ከስልካቸው ቀና አሉ። ልጅቷ የውሃውን ጆግ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ከልቤ ነው የጠበቅኩት፤ አሁንም እንኳ ቢናገር ይቅር የምለው መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ተነሣ። ምክትል ኃላፊውን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ኮቱን ቆለፈ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው ያልኩት» አለ።